ከካርቱም እስከ ሰከላ፤ ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ዳንኤል ሳንፎርድ አገልግሎት

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻነቷን መልሳ ያገኘችበትን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁለት ዐይነት ትረካ ያጋጥመዋል። አንደኛው በውጭ አገር ሰዎች እጅ የተጻፈው ነው። በዚህ ትረካ ውስጥ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች ከካርቱም ተነሥተው፣ ግመላቸውን ጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው አገሪቱን ነጻ ያወጣሉ፤ አርበኛው ግን እንደ ተራራውና እንደ ወንዙ የአገሩ መልክ አንድ ክፍል ሆኖ ከበስተኋላ ይታያል። ሁለተኛው አንዳንድ ጊዜ በእኛው ዘንድ የሚነገረው ነው። በዚህኛው ደግሞ የውጭው ሰው ጨርሶ አይነሣም፤ ቢነሣም ለራሱ አገር ጥቅም የመጣ ነው ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሁለቱም ለተማሪ በቀላሉ የሚያዙ ትረካዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሚዛን ጎድሏቸዋል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ታሪክ የሚማሩ ወጣቶች ነገ በየአውራጃው ተበትነው ለሺህ ሕፃናት የሚናገሩት ዛሬ ከእኛ የሰሙትን ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛኑን ማስተካከል ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚህም የሚረዳን አንዱ መንገድ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ያገለገለውን፣ በካርቱምም በኩል ወደ አገራችን የገባውን የአንድ መኮንን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መመርመር ነው። ይህም መኮንን ብርጋዴር ጄኔራል ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ ናቸው። ከዚህ በታች የሳንፎርድን የወጣትነት ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሳንፎርድ በ1882 በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ተወለዱ። በ1900 የመድፈኛ ክፍል መኮንን ሆነው ተሾሙ፤ በሕንድና በዔደንም አገለገሉ። ዔደን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በመሆኗ ኢትዮጵያ ቅርብ ነበረች፤ በ1907 ዕረፍታቸውን ምክንያት አድርገው አገራችንን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ዘመኑ የዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመቶች ነበረ፤ የዐድዋ ድልም ገና የአሥራ አንድ ዓመት ነገር ነበረ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ምድር ያለ አውሮጳዊ መኮንን ሊያየው የማይችለውን ነገር፣ ማለት ራሱን የሚያስተዳድርና ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር እኩል ተቀምጦ የሚዋዋል የአፍሪካ መንግሥት፣ ወጣቱ ሳንፎርድ በዐይናቸው አዩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ ወደ ሱዳን መንግሥት አገልግሎት ተዛወሩ። ሱዳን በዚያን ዘመን በስም በእንግሊዝና በግብጽ ጥምር አገዛዝ፣ በተግባር ግን በእንግሊዝ ሹማምንት የምትተዳደር ነበረች። የአስተዳደሩ መናገሻ ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ተሠርታለች። ጥቁር ዓባይ የሚባለው የእኛው ዓባይ መሆኑን ማንም ያውቃል። እንግዲህ ሳንፎርድ በካርቱም በኩል የሚያልፈውን ውሃ ካዩ በኋላ፣ በ1913 በአዲስ አበባ ወደ ነበረው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተልከው ውሃው የሚወርድበትን አገር ሰዎች ወደ ማወቅ ተመለሱ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ሳንፎርድ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ሄደው በከባድ መድፍ ክፍል ተዋጉ፤ ለተለየ የጦር ሜዳ አገልግሎት የሚሰጠውንም የእንግሊዝ ኒሻን ሁለት ጊዜ ተሸለሙ። የዚያ ጦርነት አኳኋን ምን እንደ ነበረ ለመምህራን መዘርዘር አያስፈልግም። መቶ ሺዎች በጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው፣ መድፉ ቀንና ሌሊት እየጮኸ፣ ጥቂት ሜትር መሬት ለመያዝ ብዙ ሺህ ሰው የሚያልቅበት ጦርነት ነበረ። በዚያ ግንባር የነበረ መኮንን ጦርነት ማለት የብረትና የቍጥር ነገር ነው ብሎ ቢደመድም የሚያስደንቅ አይሆንም። ብዙዎቹም እንደዚያ ደመደሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ በካርቱም የተነሣው ክርክር ከዚህ መደምደሚያ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ይህን ነገር በልባችን እንያዘው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሳንፎርድ የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ከባለቤታቸው ከክሪስቲን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በመጀመሪያ በአንድ የንግድ ኩባንያ ሠሩ፤ ቀጥሎም ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለው ሙሉ በተባለው ስፍራ መሬት ይዘው እርሻ ጀመሩ። ልጆቻቸውንም በዚያ አሳደጉ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ የማጂ አውራጃ አስተዳደር አማካሪ ሆነው በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ እንዲያገለግሉ ተመደቡ። እነዚህ ዓመቶች ለጦር ታሪክ ጸሐፊ ባዶ ይመስላሉ፤ ምክንያቱም በውስጣቸው ጦር ሜዳም ሹመትም የለም። ነገር ግን አንድ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከገበሬ ጋር ስለ እህልና ስለ ከብት ሲነጋገር፣ ከባላባት ጋር ስለ ወሰን ሲከራከር፣ በቤተ መንግሥት ደጅ ሲጠና፣ የአገሩን ቋንቋ፣ ሥርዐትና ቂም ያውቃል። በኋላ በካርቱም ከሁሉ ይልቅ የተፈለገው ይኸው ዕውቀት ነበረ። ኢጣልያ በ1928 አገሩን በያዘ ጊዜ ሳንፎርድ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሱ።

በመስከረም 1932 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮጳ በተነሣበት ወራት፣ የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ሳንፎርድን ወደ ካይሮ ጠሯቸው። ሥራቸውም፣ ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ የገባች እንደ ሆነ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን አመፅ ለመርዳት የሚቻልበትን መንገድ እንዲያጠኑ ነበረ። ይሁን እንጂ እንግሊዝ ኢጣልያን ላለማስቈጣት ትጠነቀቅ ስለ ነበር ዝግጅቱ በዝግታና በምስጢር እንዲሆን ተደረገ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ኢጣልያ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የተዘጋጀው ነገር እጅግ ጥቂት ነበረ።

በዚያን ጊዜ ካርቱም የነበረችበት ሁኔታ ሊታወቅ ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የኢጣልያ ሠራዊት፣ አብዛኛው የአፍሪካ ተወላጅ ወታደር ሆኖ፣ ከ250,000 በላይ ነበረ፤ በሱዳን በጄኔራል ፕላት ሥር የነበረው ጦር ግን ከ10,000 አይበልጥም ነበር። ሰኔ 27 ቀን ኢጣሊያኖች ከሰላንና ጋላባትን ያዙ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ሰሞን ከእንግሊዝ አገር በአውሮፕላን ተነሥተው በእስክንድርያ በኩል መጡ፤ ነገር ግን በካርቱም የነበሩት ሹማምንት መምጣታቸውን በሙሉ ልብ ስላልተቀበሉት በዋዲ ሐልፋ ጥቂት ቀን እንዲቆዩ ተደረገ። በሰኔ መጨረሻ ካርቱም ሲደርሱም ያገኙት የጦር መሣሪያ ከጠበቁት በጣም ያነሰ ሆነ።

በካርቱም ሁለት ሐሳብ ነበረ። የብዙዎቹ መኮንኖችና ሹማምንት ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ኢጣልያን የሚያሸንፈው መደበኛ ጦር፣ መድፍና አውሮፕላን ነው፤ አርበኞች እርስ በርሳቸው የተከፋፈሉ ስለ ሆኑ የሚታመኑ አይደሉም፤ የንጉሠ ነገሥቱም መመለስ ጠብ ያስነሣ እንደ ሆነ እንጂ የሚጠቅም አይሆንም የሚል ነው። የሳንፎርድ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነበረ። ሕዝቡ ኢጣልያን ለማስወጣት የቈረጠ መሆኑን፣ የአርበኞችም መከፋፈል በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሊታረቅ የሚችል መሆኑን ያምኑ ነበር። ሁለቱንም ሐሳብ ያቀረቡት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ሰዎች ናቸው። ልዩነታቸው በጀግንነት ወይም በጦር ትምህርት አይደለም፤ አንደኛው ወገን ኢትዮጵያን በካርታ፣ ሳንፎርድ ግን በኑሮ ማወቃቸው ነው።

ሐሳቡን ለመፈተን የተቋቋመው ቡድን «ሚሲዮን 101» ተባለ። ስሙ ከመድፍ ጥይት ማፈንጃ መለያ ቍጥር የተወሰደ ነው፤ ትንሹ ማፈንጃ ትልቁን ጥይት እንዲያስነሣ ማለት ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኰሎኔል ሳንፎርድ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ዶፍ በሚወርድበትና ወንዙ ሁሉ በሞላበት ክረምት፣ ከጥቂት እንግሊዛውያንና ከኢትዮጵያውያን ጋር በእግርና በበቅሎ የሱዳንን ጠረፍ ተሻገሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው አብረዋቸው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፤ እኚህም በኋላ ደጃዝማች ሆነው «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ናቸው። ሌላው የሚሲዮኑ ባልደረባ፣ አውስትራልያዊው አርኖልድ ዊንሆልት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ሳለ ከኋላ ተከትለው ሲገቡ ጥቂት ሳምንታት ሳይቈዩ በጠላት ተገደሉ።

በዚህ ላይ መምህሩ ሊያጠብቀው የሚገባ ነገር አለ። ሳንፎርድ የገቡት ወደ ባዶ ምድር አይደለም። የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች ያለ ውጭ ርዳታ ከአራት ዓመት በላይ ተዋግተዋል። ከእንግሊዞችም በፊት የንጉሠ ነገሥቱ ሰው ሎሬንሶ ታእዛዝ በምስጢር ወደ ውስጥ ገብተው የአርበኞችን ሁኔታ መርምረው ተመልሰዋል። ሚሲዮኑ የሚበላው እህል፣ የሚጫነው በቅሎ፣ የሚሸሸግበት ቤት፣ ጠላት ከየት እንዳለ የሚነግረው ሰላይ ሁሉ የአገሩ ሕዝብ ነበረ። ገበሬው ይህን ሲያደርግ ቤቱ እንደሚቃጠል፣ ከብቱ እንደሚነዳ፣ እርሱም እንደሚሰቀል እያወቀ ነው። ስለዚህ ማፈንጃው ከካርቱም መጣ ቢባል እንኳ ባሩዱ በአገሩ ነበረ።

ሳንፎርድ መቀመጫቸውን በሰከላ ከፍታ አደረጉ። ሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ የሚገኝበት አገር ነው። የተላኩትም ሆነ የሚጠብቁት ርዳታ መነሻው ካርቱም ነበረ፤ በሬዲዮ የሚልኩት መልእክትም ወንዙን ተከትሎ እንደሚወርድ ሁሉ ወደዚያው ይሄድ ነበር። በመስከረም 1933 በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ መካከል ስምምነት እንዲደረግ አዛዥ ከበደና ሳንፎርድ ደከሙ፤ ሁለቱ የጎጃም አርበኞች መሪዎችም በጋራ ጠላት ላይ ለመረዳዳት ቃል ተጋቡ። አንድም ጥይት ሳይተኰስ የተገኘው ይህ ስምምነት በካርቱም ሲሰማ፣ አርበኛው አይታረቅም ይል የነበረውን ሐሳብ አዳከመው።

በጥቅምት 1933 የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን፣ የደቡብ አፍሪካው ጄኔራል ስመትስና ጄኔራል ዌቭል በካርቱም ተገናኝተው በምሥራቅ አፍሪካ ስለሚደረገው ዘመቻ ተመካከሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ቅሬታቸውን ለኤደን በግልጥ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ለአርበኞች የሚሰጠው ርዳታ እንዲጨምር ተወሰነ፤ ሜጀር ኦርድ ዊንጌትም ወደ ካርቱም ተላኩ። ኅዳር 11 ቀን ዊንጌት በአውሮፕላን ሰከላ ወርደው ከሳንፎርድ ጋር ተነጋገሩ።

ሁለቱ ሰዎች አይመሳሰሉም ነበር። ዊንጌት በ1903 የተወለዱ ስለ ሆኑ የመጀመሪያው ጦርነት ሲካሄድ ገና ልጅ ነበሩ፤ ቍጡ፣ ፈጣንና ትእዛዝ የማይወዱ ነበሩ። ሳንፎርድ ግን ታጋሽና ነገርን በምክር የሚፈጽሙ ነበሩ። ዊንጌት የሠለጠነ ትንሽ ጦር ሄዶ ምሳሌ ሲያሳይ ሕዝቡ ይከተለዋል ይሉ ነበር፤ ሳንፎርድ ደግሞ መሣሪያውን በቀጥታ ለአርበኛው ስጡት ይሉ ነበር። የሥልጣናቸውም ወሰን በግልጥ ስላልተለየ ክርክራቸው በረታ። በመጨረሻ ዊንጌት የጦሩ አዛዥ፣ ሳንፎርድ ብርጋዴር ተብለው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እንዲሆኑ ተወሰነ። ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት በዊንጌት ስም፣ ሌላውም በሳንፎርድ ስም ተጠርቷል። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ስሞች የሚያውቁት እንደ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ነው፤ ባለስሞቹ አርበኛውን ስለ መርዳት እንዴት እንደ ተከራከሩ ማስረዳት የመምህሩ ፈንታ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረግጠው ሰንደቅ ዓላማችንን ተከሉ። ከሱዳን ጭነት ይዘው ከተነሡት ወደ 15,000 ከሚሆኑት ግመሎች ደጋውን ወጥተው በሕይወት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በካርቱም አቅራቢያ በሶባ የሠለጠኑት ስደተኞች ኢትዮጵያውያንም በዚህ ዘመቻ ተካፈሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት መኮንኖች ሆነዋል። የፕላት ጦር መጋቢት 18 ቀን ከረንን ያዘ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወደ ዋና ከተማቸው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

በዚህ ዘመቻ መደበኛው ጦር ያደረገውን ማሳነስ አይገባም፤ በከረን የወደቀው ወታደር፣ ሕንዳዊም ሆነ ሱዳናዊም ሆነ እንግሊዛዊ፣ በከንቱ አልወደቀም። ነገር ግን በጎጃም በሺህ የሚቈጠር የጠላት ጦር ምሽጉን ሊለቅ የማይችል ሆኖ የታሰረው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በእንግሊዝ ጦር ጓዝ ውስጥ ሳይሆን በራሳቸው ሕዝብ መካከል አልፈው የገቡት፣ በአርበኞች ምክንያት ነው። ይህም ልዩነት ድሉ በተገኘ በሳምንቱ ትርጕሙ ታየ። እንግሊዞች ኢትዮጵያን «ከጠላት የተያዘ ግዛት» በሚል ስም የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ በአዲስ አበባ የነበሩት የዚያ አስተዳደር ሹም ሞሪስ ላሽ ተቃወሙ። ላሽ የክሪስቲን ሳንፎርድ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ሁለት አማቾች፣ ሁለቱም የእንግሊዝ መኮንኖች፣ አንዱ የአስተዳደሩ ሹም፣ ሌላው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው በሁለት ወገን ቆሙ። ክርክሩ ጥር 23 ቀን 1934 በተደረገው ውል በከፊል፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 በተደረገው ውል ደግሞ በይበልጥ ለኢትዮጵያ እየቀና ሄደ።

ሳንፎርድ ከዚያ በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ፣ ቀጥሎም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆነው አገለገሉ። ባለቤታቸውም በ1940ዎቹ የልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ እርሱም በስማቸው እየተጠራ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ሳንፎርድ በመጨረሻ ወደ ሙሉ እርሻቸው ተመለሱ፤ በጥር 1964 ዓ.ም. በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው በኢትዮጵያ ምድር ዐረፉ።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? በመጀመሪያ፣ ሳንፎርድ የእንግሊዝ መኮንን ነበሩ፤ የተላኩትም እንግሊዝ ጠላቷን ኢጣልያን እንድታሸንፍ ነው። በእርሳቸው በኩል ለአርበኛው የተነገረው የመሣሪያና የአውሮፕላን ተስፋ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ተቀንሶ ደርሷል፤ በዚህም አርበኛው አዝኗል። ይህ ሊሸፈን አይገባም። ሁለተኛ፣ በካርቱም ብዙዎች በተጠራጠሩበት ጊዜ ኢትዮጵያዊው ለራሱ ነጻነት ሊዋጋ የሚችልና የሚታመን ነው ብለው በሕይወታቸው አስይዘው መስክረዋል። ይህም ሊረሳ አይገባም። የምስክርነታቸው እውነተኛነት ግን የተረጋገጠው በእርሳቸው ኒሻን ሳይሆን፣ አብዛኛው ስሙ ሳይጻፍ በቀረው በጎጃም ገበሬና አርበኛ ሥራ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ስለ 1933 ዓ.ም. ድል ስናስተምር «ነጻ ያወጣን ማን ነው?» ብለን አንድ ስም የሚጠብቅ ጥያቄ ለተማሪው አናቅርብለት። ይልቁንም ካርታ ዘርግተን ካርቱምንና ሰከላን እናሳየው፤ ከካርቱም ምን መጣ፣ ምንስ ሳይመጣ ቀረ፣ በሰከላ የቈየውስ ምን ነበረ ብለን እንጠይቀው። በየአካባቢው በሕይወት ያሉት የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ጠይቆ እንዲጽፍ እናዝዘው። እንዲህ የተማረ ልጅ የውጭውን ወዳጅ በሚገባው መጠን ያመሰግናል፤ የራሱንም አባት ዋጋ ከሌላ ሰው መጽሐፍ አይጠብቅም።